ሊሚት እና ኖ ሊሚት፦ ካርታው አንድ፣ ጨዋታው ሁለት

እሁድ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብትመጡ ከብሎኮቹ ሥር ካርታ የሚበወዝበት ቦታ አታጡም። ዋናው ጨዋታ አሁንም ኮንከር ነው። እኛ ብሎክ ግን ስልክ ላይ ፖከር የለመዱ ልጆች ቴክሳስ ሆልደምን አምጥተው ትልቅ ትንሹ ገብቶበታል። በብር አንጫወትም። ቺፓችን የለስላሳ ቆርኪ ነው። ቁማር ስንት ቤት እንደበተነ ሰፈሩ ስለሚያውቅ በዚህ ደንብ ላይ ድርድር የለም።

ውድድሩን አንዴ በኖ ሊሚት (ያሻውን ያህል በሚያዝበት)፣ አንዴ በሊሚት (መጠኑ በተቆረጠበት) ማድረግ ከጀመርን ወዲህ አንድ ነገር ገሃድ ወጥቷል። ኖ ሊሚት ላይ ማንም የማይችላቸው ልጆች ሊሚት ላይ ቶሎ ቶሎ ይሸነፋሉ። ካርታው ያው ነው። ሰዎቹም ያው ናቸው። ታዲያ ምን ተለወጠ? ልጆቹ «ሊሚት የዕድል ጨዋታ ነው» ብለው ይገላገሉታል። አይደለም። የተለወጠው ዋጋ ነው። ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ የገባው ሰው ሁለቱም ጨዋታዎች ይገቡታል።

መጀመሪያ ደንቡን ባጭሩ። በቴክሳስ ሆልደም ለእያንዳንዱ ተጫዋች እሱ ብቻ የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይታደሉታል። ከዚያ መሃል ላይ የሁሉም የሆኑ 5 ካርታዎች ይገለጣሉ። መጀመሪያ 3 አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ይሄ ፍሎፕ ነው። ቀጥሎ 1 ይወጣል፤ ተርን። በመጨረሻ ሌላ 1፤ ሪቨር። ከ7ቱ የተሻሉ 5 ካርታዎችን ያሟላ ይበላል። ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች በግድ የሚያስይዙት አለ። ትንሹ ብላይንድና ትልቁ ብላይንድ ይባላሉ። በውድድር ላይ ብላይንዱ በየተወሰነ ጊዜ ያድጋል፤ ቺፕ ያለቀበት ሰው ተነስቶ ይሄዳል።

በሊሚት የሚያዘው መጠን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። እኛ ጋ «2–4» ከተባለ፣ ከፍሎፕ በፊትና ፍሎፕ ላይ ማስያዝም መጨመርም በ2 በ2 ነው። ተርንና ሪቨር ላይ በ4 በ4 ይሆናል። ብላይንዱ 1 እና 2 ነው። በአንድ ዙር አንድ ሰው አስይዞ ሦስት ጊዜ ከተጨመረበት በኋላ አብዛኛው ቦታ በቃ ይባላል። በኖ ሊሚት ግን ፊታችሁ ያለውን ቆርኪ በሙሉ፣ ባሰኛችሁ ሰዓት፣ መሃል መግፋት ትችላላችሁ። ኦል-ኢን የሚሉት እሱን ነው። ሊሚት በታሪፍ የሚሄድ ታክሲ ነው፤ ኖ ሊሚት ማታ ከመስቀል አደባባይ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ኮንትራት እንደመያዝ ነው። ዋጋ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። የእናንተ ድርሻ መክፈል ወይ መተው ብቻ ነው።

አሁን አንድ እጅ ቀረብ ብለን እንይ። እኛ ብሎክ ሥር የተጫወትነው ነው፤ ጨዋታው 2–4 ሊሚት። አንድ ጎበዝ ወጣት ኪንግና ኩዊን ይዞ 4 አደረገው። ትንሹ ብላይንድ ካርታውን ጥሎ ወጣ። ትልቁ ብላይንድ ላይ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። 8 እና 7 ይዘው 2 ጨምረው 4 ሞሉና ተከተሉ። መሃል 9 ቆርኪ ሆነ። ፍሎፑ ጃክ፣ 7፣ 2 ነው። ልጁ 2 አስያዘ፣ እሳቸው ተከተሉ፤ 13 ሆነ። ተርኑ ላይ 4 ቁጥር ወጣ። ልጁ 4 አስያዘ፣ እሳቸውም 4 ገፉ፤ 21። ሪቨሩ 3 ነው። ልጁ ምንም አልመጣለትም። ቢሆንም ኮስተር ብሎ 4 ቆርኪ ወረወረ። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ተከተሉ። በጥንድ 7 በሉት።

«ጋሼ፣ በ7 ነው እስከ መጨረሻው የተከተሉኝ?»

«ልጄ፣ 25 ቆርኪ ለማግኘት 4 ነው የጠየቅከኝ። ከሰባቱ አንዴ ብትዋሸኝ ይበቃኛል።»

ሒሳቡ ትክክል ነው። መሃል 21 ነበር፤ ልጁ 4 ሲጨምርበት 25 ሆነ። እሳቸው 4 ከፍለው የሚፋለሙት ለ29 ነው። 4 ለ29 ሲካፈል 14 ከመቶ አይሞላም። ስለዚህ ሰባት ጊዜ ተከትለው ስድስቱን ቢሸነፉ እንኳ አንዷ ታካክሳለች። ልጁ ጥሩ ብለፍ (ባዶ እጅ ይዞ ያለው ማስመሰል) አድርጎ ይሆናል፤ ፊቱም ምንም አላወጣም ይሆናል። ሊሚት ላይ ግን ብለፉ የሚሸጥበት ዋጋ በጣም ርካሽ ነው። ርካሽ ነገር ደግሞ ሰው ይገዛል።

ያንኑ እጅ ወደ ኖ ሊሚት እናምጣው። ሪቨር ላይ መሃል 21 አለ። ልጁ አሁን 21 ማስያዝ ይችላል። መምህሩ 42 ለማግኘት 21 ይከፍላሉ ማለት ነው። ከሦስት አንዴ ልክ መሆን አለባቸው። ልጁ ፊቱ ያለውን 60 ቆርኪ በሙሉ ቢገፋስ? 81 ለማግኘት 60 ይጠየቃሉ፤ ከ100 ወደ 43 ጊዜ ገደማ ልክ መሆን ይኖርባቸዋል። ከተሳሳቱ ደግሞ ውድድሩ ለሳቸው አበቃ። በጥንድ 7 ይሄን መክፈል ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ይጥላል፤ መጣሉም ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ከዚህች አንድ ልዩነት ሌላው ሁሉ ይከተላል።

ብለፍን እንውሰድ። ኖ ሊሚት ላይ የመሃሉን ያህል የሚያስይዝ ሰው ሪቨር ላይ ከሦስት አንዴ ቢዋሽ፣ ባላንጣው ቢከተልም ባይከተልም ለውጥ የለውም። ሊሚት ላይ፣ ከላይ ባለው እጅ መሠረት፣ ይሄ ድርሻ ወደ ሰባት አንዴ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የሚዋሽ ሰው ለሚከተለው ሰው ቆርኪ እያደለ ነው። ልጆቹ ሊሚት ላይ የሚሸነፉት በዚህ ነው። ከስልክ የለመዱትን የብለፍ ብዛት ሳይቀንሱ ይዘውት ይመጣሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ሊሚት ላይ ደህና ካርታ የያዘ ሰው አጥብቆ ማስያዝ አለበት። ኖ ሊሚት ላይ መካከለኛ ካርታ ይዘን «ቀስ እንበል፣ ነገሩ እንዳይከብድ» እንላለን። ሊሚት ላይ ነገሩ አይከብድም። ባላንጣችሁ በደካማ ካርታ የሚከተላችሁ ከሆነ፣ ጥንድ ጃክ ይዞ ሪቨር ላይ አለማስያዝ መሬት የወደቀ 4 ቆርኪ ሳያነሱ ማለፍ ነው። ሊሚት ውድድርን የሚያሸንፉ ሰዎች የሚያሸንፉት በአንድ ትልቅ እጅ አይደለም። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ማስያዞችን ባለመዝለል ነው። እኔ የሊሚት ውበት እዚህ ጋ ነው እላለሁ፤ ቪዲዮ ላይ ግን አያምርም።

ብላይንድ መስረቅም እንዲሁ ነው። ኖ ሊሚት ላይ ብላይንዱ 1 እና 2 ሆኖ 20 ቆርኪ የቀረው ሰው አለ እንበል። ሌላው ሁሉ ከጣለ በኋላ 20ውን ይገፋል። ትልቁ ብላይንድ 23 ለማግኘት 18 መጨመር አለበት። ከ100 ወደ 44 ጊዜ ማሸነፍ የሚችል ካርታ ያስፈልገዋል። ብዙ ካርታ እዚያ አይደርስም፤ ይጥላል። ሰውዬው ምንም ሳያሳይ 3 ቆርኪ ወሰደ። ሊሚት ላይ ያው ሰው ማድረግ የሚችለው 4 ማድረግ ብቻ ነው። ትልቁ ብላይንድ 7 ለማግኘት 2 ይጨምራል። 22 ከመቶ ይበቃዋል። የሆልደም መጨረሻ ካርታ የሚባለው፣ ምልክቱ የተለያየ 7 እና 2 እንኳ፣ ኤስና ኪንግን እስከ ሪቨር ቢፋለም ከሦስት አንዴ ገደማ ያሸንፋል። እንግዲህ ሊሚት ላይ ትልቁ ብላይንድ ለምን ይጥላል? አይጥልም። ስለዚህ ሊሚት ላይ «ይጥልልኛል» ብሎ ሳይሆን «ቢከተለኝም እሻላለሁ» ብሎ ነው መጨመር።

አሁን ሰዎች በጣም የሚናደዱበት ጉዳይ ጋ ደረስን። ጥንድ ኤስ ይዤ እንዴት እሸነፋለሁ? ጥንድ ኤስ ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከ100 ወደ 85 ጊዜ ያሸንፋል። አራት ሰው ከተከተለው ግን ወደ 56 ይወርዳል። ሊሚት ላይ ሰው ማባረር ከባድ ስለሆነ አራት ሰው ይከተላል። ያም ሆኖ አትዘኑ። አምስት ሰው ያዋጣውን ከግማሽ በላይ ጊዜ የሚበላ ሰው እያተረፈ ነው። ችግሩ ገንዘብ እንደሚጫወት ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይቻልበት ውድድር መሆኑ ነው። አንዷ ክፉ እጅ ከሩቡ ቆርኪያችሁ ጋር ልትሄድ ትችላለች።

ካርታው እስኪሞላለት የሚጠብቅ ሰውም ዋጋ ያያል። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 4 ካርታዎች ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው ተርን ላይ ካላያቸው 46 ካርታዎች ውስጥ 9ኙ ይሆኑታል። 20 ከመቶ ትንሽ ያንሳል። የመምህሩን እጅ አስታውሱ። ተርን ላይ መሃል 13 ነበር፤ ልጁ 4 አስያዘ። 17 ለማግኘት 4 መክፈል ለዚህ ሰው ልክ ነው። ጥርት ያለ ትርፍ ባይሆንም አያከስርም። ኖ ሊሚት ላይ ልጁ 13 ቢያስይዝ 26 ለማግኘት 13 መክፈል ይሆናል፤ ያ ግን ያከስራል፤ ሞልቶለት ሌላ ብዙ ቆርኪ ካልበላበት በስተቀር። «ካልበላበት በስተቀር» የምትለዋን ያዟት።

ምክንያቱም ኖ ሊሚት ላይ ሁሉም ብዙ ቆርኪ ባለው ጊዜ፣ የውድድሩ መጀመሪያ ላይ፣ ትንንሽ ጥንዶች ዋጋ የሚያወጡት በሷ ነው። ጥንድ 4 ይዛችሁ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን 4 የምታገኙት ከ8 ወይ ከ9 አንዴ ገደማ ነው። ይሄ ብርቅ ነው። ግን የመጣ ቀን ጥንድ ኤስ የያዘውን ሰው ሙሉ ቆርኪ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ለመግቢያ የከፈላችሁት ትንሽ ነው። ሊሚት ላይ ያ የመጣ ቀን የምትበሉት በ2 በ2፣ በ4 በ4 ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ ሊሚት ላይ ትንሽ ጥንድ ብዙ ሰው ካልገባበት ያን ያህል አይደለም። በተራው ትልልቅ ካርታ፣ እንደ ኤስና ኩዊን፣ ኪንግና ጃክ ያለው፣ ሊሚት ላይ የተሻለ ይበላል። አንድ ጥንድ አግኝቶ እስከ መጨረሻ መሄድ ሊሚት ላይ የተለመደ ነው። ኖ ሊሚት ላይ አንድ ጥንድ ይዞ ሙሉ ቆርኪ መግፋት ብዙ ጊዜ መጥፊያ ነው።

እስካሁን ያልኩት ውድድር ላልሆነ ጨዋታም ይሠራል። ውድድር ሲሆን ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ።

አንደኛው፣ የጠፋ ቆርኪ አይተካም፤ የተገኘውም ያንኑ ያህል አይጠቅምም። 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው በ100 ቆርኪ ጀመሩ እንበል። ሽልማቱ ለ1ኛ 50 ከመቶ፣ ለ2ኛ 30፣ ለ3ኛ 20 ነው። አንደኛ የወጣው ሰው 1,000ውንም ቆርኪ ይዟል። ያገኘው ግን የሽልማቱን ግማሽ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለ ቆርኪ ሁሉ የሱ ሆኖ ሳለ የሽልማቱ ግማሽ የሌሎች ነው። ስለዚህ ሁለተኛ 100 ቆርኪ ከመጀመሪያው 100 ያነሰ ዋጋ አለው። ኖ ሊሚት ላይ ይሄ ነገር ስለት አለው። አራት ሰው ቀርቶ ሦስት የሚሸለም ከሆነ፣ ትልቅ ክምር ያለው ሰው ኦል-ኢን ባለ ቁጥር መካከለኛዎቹ ደህና ካርታ ሳይቀር ይጥላሉ። አንድ ስህተት ያለ ሽልማት ያስወጣቸዋላ። ሊሚት ላይ ትልቁ ክምር ይሄ ጅራፍ የለውም። 2–4 ላይ አንድ እጅ እስከ ጣሪያው ቢጨመርበት ሊወስድባችሁ የሚችለው 48 ቆርኪ ነው፤ 8፣ 8፣ 16፣ 16። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው፣ ብላይንዱ ያድጋል። እዚህ ጋ ሊሚት ሰው ከሚያስበው በላይ ይጨክናል። መጀመሪያ 100 ቆርኪ ይዛችሁ 2–4 ስትጫወቱ፣ ትልቁ ማስያዝ 4 ስለሆነ፣ 25 ትልልቅ ማስያዝ አላችሁ። ሰፊ ነው። ጨዋታው 15–30 ሲደርስና እናንተ 210 ሲኖራችሁ 7 ብቻ ነው። አንድ እጅ ከመጀመሪያ አንዴ ተጨምሮበት እስከ ሪቨር ቢሄድ 3 ተኩል ገደማ ትልልቅ ማስያዝ ይበላል። ሁለት እጅ ተሸነፋችሁ ማለት ወጣችሁ። በዚህ ሰዓት «ፍሎፑን አይቼ እወስናለሁ» ብሎ በደካማ ካርታ መግባት አይሠራም። ወይ ጠንከር ያለ ካርታ ይዞ በመጨመር መግባት ነው፣ ወይ መጣል።

ቆርኪ ሊያልቅበት የተቃረበ ሰው ሁለቱ ጨዋታዎች ላይ የሚኖረው ኑሮ አይገናኝም። ኖ ሊሚት ላይ የትልቁን ብላይንድ 10 እጥፍ የያዘ ሰው ገና መሣሪያ አለው፤ ሲገፋ ሰው ይፈራል። ሊሚት ላይ 2 ትልልቅ ማስያዝ የቀረውን ሰው ማንም አይፈራውም። ሁሉም ይከተለዋል፤ እሱም ካርታውን አሳይቶ ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ሊሚት ላይ ጥሩ ካርታ እየጠበቁ ብላይንድ እስኪበላችሁ መቀመጥ ከኖ ሊሚት የባሰ አደጋ ነው። 5 ወይ 6 ሲቀራችሁ ነው መንቀሳቀስ፤ 2 ሲቀር አይደለም። ባለብዙ ቆርኪው ደግሞ ጥቂት የቀራቸውን ለማዳከም አይቸኩል። ኖ ሊሚት ላይ አንዴ ቢያሳስቱት እጥፍ ሆነው ይነሱበታል። ሊሚት ላይ ግን ሰው እንዲህ በአንዴ አይነሳም፤ ቀስ በቀስ ነው።

አብዛኛው ሰው ኖ ሊሚትን ብቻ የሚያውቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሚካሄደው የዓለም የፖከር ሲሪስ ዋና ውድድሩ ኖ ሊሚት ሆልደም ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ተጣርቶ ገብቶ ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2006 ተወዳዳሪው 8,773 ደረሰ። ቴሌቪዥኑም ስልኩም ያንን ተከተለ። ኦል-ኢን ለካሜራ ይመቻል።

የሁለቱን ስፋት ለማወቅ ኮምፒውተሮቹን ማየት ይጠቅማል። በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴፊየስ የሚባል ፕሮግራም አወጡ። ለሁለት ሰው የሚሆነውን ሊሚት ሆልደም ፈታው ማለት ይቻላል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጫወተው እንኳ ከዕድል የተለየ ብልጫ ሊያሳይበት አይችልም። ያው የሁለት ሰው ጨዋታ ኖ ሊሚት ሲሆን ግን ውሳኔ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 161 ዜሮ ያህል ይሆናል። እስከ ጫፍ ማስላት አይታሰብም። በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ በ120,000 እጅ አራት ባለሙያዎችን አሸነፈ፤ ጨዋታውን ፈትቶት ግን አይደለም። ይሄን ሰምቶ «ሊሚት እንግዲህ ቀላል ነው» የሚል አለ። ለማሽን ነው የቀለለው። እኛ ብሎክ ሥር የተቀመጠ ሰው ሴፊየስን ጭንቅላቱ ውስጥ አልያዘም።

ለጀማሪ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ያለ ማመንታት ሊሚት እላለሁ። ዋጋ ማስላት ያስተምራል፤ አንድ ስህተት ደግሞ ከጠረጴዛ አያስነሳም። ልጁ ከመምህሩ የተማረውን የ4 ለ29 ሒሳብ ኖ ሊሚት ላይ ተምሮት ቢሆን ሙሉ ቆርኪውን ነበር የሚያስከፍለው።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ እኛ የምንጠቀምበት ይሄ ነው። ለሰው 100 ቆርኪ። በ2–4 ተጀምሮ በየ20 ደቂቃው 4–8፣ 6–12፣ 10–20፣ 15–30 እያለ ያድጋል። ቶሎ ቶሎ ካሳደጋችሁት ሊሚት የሚያስተምረው ትዕግሥት ሳይታይ ያልፋል። ጭማሪው በየዙሩ ሦስት ላይ ይቆማል። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ግን ጣሪያውን እናነሳለን፤ ቆርኪያቸው እስኪያልቅ ይጨማመራሉ። ትንሹን ብላይንድ ያኔ የሚከፍለው ካርታ አዳዩ ነው፤ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ ይጫወታል፣ ከዚያ በኋላ ግን መጨረሻ ላይ። ይሄን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ጭቅጭቅ አይጠፋም።